የማትረሱት ኮንሰርት የቱ ነው? ሲያልቅስ እንዴት ቤታችሁ ገባችሁ?

የካራው ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ቤት ሳጸዳ አንድ አሮጌ ሸሚዝ አገኘሁ። ኪሱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክር በእጅ ተሰፍቶበታል። የሰፋችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ እሱን ለብሼ መስቀል አደባባይ ወጣሁ። ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር ያን ቀን 60 ዓመት ይሞላው ነበር።

ከካራ ስድስት ሆነን ተነሳን። ኮንሰርቱ በነፃ ነው። እንዲያ ባይሆን ከእኛ ሰፈር ማን ይሄድ ነበር? መገናኛ ስንደርስ ታክሲ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በእግሩ ይተማል። እኛም ተከተልን። አደባባዩ ስንደርስ፣ ሯጮች ጠዋት ጠዋት የሚሮጡበት ደረጃ በሙሉ ሰው ለብሷል። ሪታ ማርሊ አለች፣ ልጆቹ አሉ። ዩሱ ንዱር፣ አንጀሊክ ኪጆ፣ ባባ ማል፤ በቴሌቪዥን እንኳ በስንት ጊዜ አንዴ የማናያቸው ሰዎች አንድ መድረክ ላይ ወጡ።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማስታውሰው አጠገባችን የቆሙ አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ነው። ከሻሸመኔ ነው የመጡት። ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ ወገባቸው ደርሷል። የማርሊ ልጆች መድረክ ላይ ሲወጡ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ባዶ እግራቸውን ቆሙ። “ምነው አባቴ?” አልኳቸው። “መሬት” አሉኝ በአማርኛ። ሌላ አልጨመሩም። እስኪያልቅ እንደዚያው ቆመው ነበር።

ሲያልቅ ጨልሟል። በኡራኤል አድርገን መገናኛ፣ ከዚያ ላምበረት፣ ከዚያ ኮተቤ፣ ከዚያ ካራ። ሁሉንም በእግር። ላምበረት ድረስ እየዘፈንን ሄድን። ኮተቤ ላይ ድምፃችን ተዘጋ። ካራ ስንደርስ የሚሰማው የጫማችን ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በር ላይ ቁጭ ብላለች። አልተቆጣችኝም። ለብ ያለ ውኃ በጨው አድርጋ እግሬን አጠበችኝ።

ለእኔ ኮንሰርቱና መንገዱ አንድ ነው። አንዱን ሳነሳ ሌላው ይመጣል። ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች ሁላችንም እንዲህ ያለ ታሪክ ያለን ይመስለኛል። እስቲ የእናንተን አውሩኝ።


ቱሉ ዲምቱ ማዶ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ የሽማግሌው ነገር ልቤን ነካው።

እኔ የሮክ ሰው ነኝ። ድሮ ግን አልነበርኩም። ሮክ ማለት ለእኔ የፈረንጅ ጩኸት ነበር። ጃኖ ባንድን ያየሁ ቀን ነው የተቀየርኩት። አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ያዘጋጀላቸው የመጀመሪያ አልበማቸው፣ ኤርታሌ፣ ከወጣ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ትኬት ተርፎት ጎትቶ ወሰደኝ።

ዲበኩሉ፣ ኃይሉ፣ ሃሌሉያና ሔዋን፤ አራት ድምፃውያን አንድ ላይ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። እንዲህ ያለ ባንድ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጊታሩ ገባ። ዲስቶርሽኑ፣ ያ ሆን ተብሎ የሚሻከረው የጊታር ድምፅ፣ ከመክበዱ የተነሳ ደረቴ ላይ ሰው እጁን የጫነኝ መሰለኝ። የሚጫወተውን ዜማ ግን አውቀዋለሁ። የእኛው ቅኝት ነው። አያቴ ቤት ሠርግ ላይ የሰማሁት የመሲንቆ ዜማ፣ ኤሌክትሪክ ገብቶበት እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። ደግሞ አስቡት፣ መሲንቆም እኮ ድምፁ ልስልስ አይደለም። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ ይሻክራል። ዲስቶርሽንም ያው መሻከር ነው። ያን ቀን ይሄ ሲገባኝ ከቆምኩበት ጓደኛዬን ይዤ ነቀነቅኩት። “ሰማህ? ሰማህ?” እለዋለሁ። እሱ ምኑንም አይሰማኝም።

ቤት መግባቱማ... ሳሪስ ድረስ አራት ሆነን ላዳ ተጋራን። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ የለም። ቃሊቲ የአጎቴ ልጅ ጥበቃ ነው የሚሠራው። እዚያ ደረስኩ። የጥበቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ ካፖርቱን አልብሶ አስተኛኝ። ጆሮዬ ሲጮህ አደረ። ሲነጋ የመጀመሪያው ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ይተኛል። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ በጉልበቴ ከበሮ እመታለሁ።


አባዶ ብሎክ 40
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡32

የመሲንቆው ነገር እውነት ነው! እኔም ሁሌ ይሰማኝ ነበር፤ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ለካራው ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። የማርሊ ልጆችና የእኛ ሙዚቀኞች ዝምድና በ1997 አልተጀመረም። ዳሎል የሚባል የኢትዮጵያውያን ባንድ ነበር፤ ቺካጎ ነበር መቀመጫቸው። ዚጊ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውንና የግራሚ ሽልማት ያገኘበትን አልበም አብረውት የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ይሄን ለታናናሾቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ሬጌ ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነ ብቻ ይመስላቸዋል። እኛም ተጫውተነዋል።


የሰበታው
እሑድ፣ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይሄን አነበብኩ። የእኔ ዘመን ራቅ ያለ ነው። ቢሆንም ጥያቄው መልስ አለው።

በ1968 ዓ.ም. ይመስለኛል። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ ይጫወታል፣ ማሕሙድ አሕመድ ይዘፍናል” አለኝ። ለወር ያህል ሳንቲም አጠራቀምን። ያለንን አንድ አንድ ኮት አስተኮስን። ገብተን አንድ ቢራ ለሁለት አዘዝን። ብርጭቆውን ተካፍለን፣ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሌሊቱን ሙሉ አቆምነው። አስተናጋጁ ገብቶታል፤ ባዶውን ጠርሙስ አላነሳብንም። እግዜር ይስጠው።

እናንተ ሮክ የምትሉትን እኛ ስም አልሰጠነውም። ሰላም ስዩም ጊታሩን፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን ይዘው ሲነሱ ግን፣ ከዚያ በፊት የማውቀው በትንፋሽ መሣሪያ የተሞላው የክቡር ዘበኛ ዓይነት ሙዚቃ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው ያነሰ ነው፣ ድምፁ ግን አልቀነሰም። ክፍት ቦታ አለው። ማሕሙድ በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይገባል። ይኸው ባንድ ነው በኋላ ሮሃ የተባለው። ካሴት የገዛችሁበት ዘመን ከሆነ፣ ግማሹ ካሴታችሁ ላይ ሮሃ አለ።

አመላለሱን ጠይቃችኋል። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነው። ሰዓቱ ካለፈ መንገድ ላይ መገኘት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላወራም። በሩ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለ ሰው ውስጥ ያድራል። ባንዱም ያድራል፣ አስተናጋጁም ያድራል፣ እኛም እናድራለን። ሌሊት ላይ ጨዋታው ይለዝባል። ሰው ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ባልደረባዬ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተኛ። እኔ ግን አልተኛሁም። ውጭ ዝም ያለ ከተማ፣ ውስጥ ሙዚቃ። እንዲህ ያለ ሌሊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሲነጋ በጅማ መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍረን ሰበታ ገባን። በኮታችን እንዳለን ሥራ ገባን። ባልደረባዬ አሁን የለም። በዚያው ዘመን ሄደ። ስለዚህ ያን ሌሊት ስታነሱብኝ ደስታም ኀዘንም ነው።


የካራው ልጅ
እሑድ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባልደረባዎን ነፍስ ይማር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ አስተናጋጅ ጠርሙሱን ትቶላችሁ ማለፉ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጤና ይስጥልኝ፣ ገና ብዙ ይንገሩን።


ጀሞ 3
እሑድ፣ ቀትር 6፡10

የእኔ አጭር ነው። እዮብ መኮንን።

ፊት ለፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አነስ ያለ ክለብ ውስጥ ነበር። እዮብ ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ሬጌን በአማርኛ ሲዘፍነው የተዋሰው አይመስልም። ይዞት የተወለደው ነው የሚመስለው። ፍቅረኛዬ አብራኝ ነበረች። ያን ጊዜ ተኳርፈን ነበር። ለመለያየት ሁለት ቃል ነው የቀረን። አንድ ዘፈን መሃል ላይ እጄን ያዘችኝ። ምንም አላወራንም። ከሜክሲኮ በሳር ቤት፣ በጀርመን አደባባይ አድርገን በእግር ጀሞ ገባን። እጄን አልለቀቀችኝም። ዛሬ የሁለት ልጆቼ እናት ናት።

ነሐሴ 2005 ናይሮቢ ማረፉን የሰማን ቀን፣ እሷ ምሳ እየሠራች ነበር። ምድጃውን አጠፋችው። ምሳ ሳንበላ ዋልን። ወዳጅ ዘመድ የሞተብን ያህል ነበር። አሁንም ድምፁ በሬዲዮ ሲመጣ ከሁለታችን አንዳችን ድምፁን ከፍ እናደርጋለን። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ብቻ ነው።


ሻይ በዝንጅብል
እሑድ፣ ማታ 1፡30

እኔ እንኳ ኮንሰርት ገብቼ አላውቅም። ግን አንድ ኮንሰርት ሙሉውን ሰምቻለሁ። ልንገራችሁ?

ገላን ነው የምኖረው። ልጄን ያረገዝኩበት ዓመት፣ ሜዳው ላይ መድረክ ተሠራ። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩት። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ልጆች የቦብ ማርሊን ዘፈኖች ሊጫወቱ ነው ተባለ። እኔ ሻይ እሸጥ ነበር። በሩ ጋ ቦታው ተይዟል። ስለዚህ ከመድረኩ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ሥር ከሰል አነደድኩ። ዕቃ የሚያወርዱት ልጆችና ሹፌሮቹ እዚያ ናቸው፤ ጥሩ ሸጥኩ።

ሙዚቃው ሲጀመር ግን የሚዘፍነው ሰው አይሰማኝም። ጊታሩም አይሰማኝም። የሚሰማኝ ከበሮና ያ ወፍራሙ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ውስጥ የቀዳሁት ሻይ ላዩ ላይ ቀለበት ቀለበት ይሠራል። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀለበቱ ይጠፋል፣ ሌላው ሲጀመር ይመጣል። በኋላ በሻዩ ማወቅ ጀመርኩ። ይሄኛው ቶሎ ቶሎ ነው፣ ያኛው ዘግየት ይላል እያልኩ። ሆዴ ውስጥ ያለችውም ልጅ ያን ቀን ዝም አላለችም። በእግሯ ትመታኛለች።

አንዱ ዘፈን ግን ከሁሉም ይለያል። ረጅም ነው። ወፍራሙ አንዴ ከተነሳ አይቀየርም። ያንኑ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ዓይነት። ከበሮውም በየእርምጃው ነው የሚመታው፤ ሳያቋርጥ። እሱ ሲጫወት ሹፌሮቹ ሁሉ ወሬ አቁመው ቆሙ። እኔም ሻይ መቅዳት ተውኩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ፈለግኩት። ልጄ ስልኳ ላይ የማርሊን ዘፈኖች እያወጣች “ይሄ ነው እማዬ?” ትለኛለች። አንዱም አይመስለኝም። በስልክ ስሰማው ሁሉም ድምፅና ጊታር ነው። እናንተ ታውቁ ይሆን ብዬ ነው።

ቤቴማ ቅርብ ነበር። መቶ እርምጃ አይሆንም።


ሚክሰር ጋ የሚቆመው
እሑድ፣ ማታ 3፡50

እህቴ፣ እኔ በሙያዬ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ብዙ ዓመት ኮንሰርት ሠርቻለሁ። ከመድረክ ጀርባ ቆሞ የሚሰማን ሰው እንዲህ አድርጎ ሲገልጸው ሰምቼ ግን አላውቅም።

የሆነው ይሄ ነው። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ነው። ድምፅ ማጉያው ወዳዞረበት ብቻ ይሄዳል። የዘፋኙ ድምፅ፣ ጊታሩ፣ ሲምባሉ ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ሄደ። ወፍራሙ፣ እኛ ቤዝ የምንለው፣ አቅጣጫ አይመርጥም። ዙሪያውን ይሞላል። ግድግዳ ቢቆምበት ይዞርበታል፣ ቆርቆሮ ቢያገኝ አንቀጥቅጦት ያልፋል። ስለዚህ ዜማው ለእነሱ ሄደ፣ መሠረቱ ለእርስዎ ደረሰ። ስልክ ላይ ያጡትም ለዚህ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ጥፍር የምታክል ናት፤ ያን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም።

በነገራችን ላይ እኛም ከሕዝቡ መሃል ሆነን ሁሉንም አንሰማም። ሳውንድ ቼክ ስንሠራ ሜዳው ባዶ ነው። ያስተካከልነው ድምፅ ሰው ሲገባ ይለወጣል። የሰው ገላና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ዝናብ ጥሎ ሕዝቡ ጃኬት ከደረበማ እንደገና መጀመር ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁ የማያምረው። ሰው ባንዱን ይወቅሳል። እኛ እዚያ ኋላ ላይ በላብ ተጠምቀን ነው ያለነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ። የነገሩኝ አንድ ነገር በጣም ይጠቅማል፤ ከበሮው በየእርምጃው ይመታል ብለዋል። አብዛኛው ሬጌ እንደዚያ አይደለም። ከአራቱ ምት አንደኛውን ባዶ ይተወዋል፤ ከበሮው ሦስተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። የእኛ ችክችካ ደግሞ በሌላ ነው የሚቆጠረው፣ በስድስት። ድምፃዊው ኃይሌ ሩትስ ሬጌንና ችክችካን አዋሕዶ ቺጌ ያለው እሱን ነው። እርስዎ የሰሙት ግን አራቱንም ምት እኩል የሚረግጥ ነው። ስቴፐርስ ይሉታል። ከማርሊ ዘፈኖች እንደዚህ የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። ወፍራሙ ሳይቀየር ይሄዳል ካሉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። የካራው ልጅ፣ አንተስ?


የካራው ልጅ
እሑድ፣ ማታ 4፡05

ኤክሶደስ!

እህቴ፣ ይሄን ዘፈን ይፈልጉት። ስሙ ከኦሪት ዘጸአት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ነው። ከ7 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ጥቂት ድምፆች) ላይ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው አይቀየርም ያሉት። ቤዙን የተጫወተው አስቶን ባሬት ነው፣ ፋሚሊ ማን ይሉታል። ጥር 2016 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ዘፈኑ የሚናገረው ስለሚሄድ ሕዝብ ነው። እርስዎ አንድ ቃል ሳይሰሙ “ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ሰው” አሉት!

ያገኙት እንደሆነ እባክዎ ይንገሩን። እንዳይረሱን።


የሰበታው
ሰኞ፣ ጠዋት 12፡45

ልጄ፣ እኔም እጠብቃለሁ። በጥሩ ድምፅ ማጉያ ስሚው። ቦብ ማርሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ይቺን አገር ረግጦ ሄዷል። እኛ አላወቅንም። ባልደረባዬና እኔ ብናውቅ ኖሮ ኮታችንን ደግመን እናስተኩስ ነበር።


ቱሉ ዲምቱ ማዶ
ሰኞ፣ ቀትር 7፡00

ሥራ ላይ ሆኜ በየአሥር ደቂቃው እከፍተዋለሁ። እህቴ፣ ምን ሆኑ?


ሻይ በዝንጅብል
ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ይቅርታ አቆየኋችሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ጠብቄ ነው። ዘፈኑን ስልኳ ላይ አወጣችው። መጀመሪያ ስሰማው አላወቅኩትም። ሰውዬው ይዘፍናል፣ ሴቶቹ ይቀበሉታል፣ ጥሩምባ አለ። ደስ ይላል፣ ግን የእኔ አይደለም። ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ ሚክሰር ጋ የሚቆመው ወንድሜ የጻፈውን ደግሜ አነበብኩ። ጎረቤት ሠርግ ላይ የምታከራየው ትልቅ ስፒከር አላት። ለምኜ አመጣሁ። ልጄን ቤት ውስጥ አስቀምጬ፣ ስፒከሩን ጀርባውን ወደ እኔ አዙሬ፣ በሩን ዘጋሁት። ግቢ ወጣሁ። ሻይ ቀድቼ ቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። “ክፈቺው” አልኳት።

እሱ ነው።